ከዋትና ከቤዝ በፊት፦ የቤት ስፒከር ድምፅን እንዳለ የሚያሰማው እንዴት ነው?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብቶ ስፒከር የሚጠይቅ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ይታወቃል። «ስንት ዋት ነው?» ካርቶኑ ላይ 3000 ዋት፣ 5000 ዋት ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ሻጩ ቤዙን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል፣ ደረታችንን ይመታናል፣ «ምርጥ ዕቃ ነው» ብለን ከፍለን እንወጣለን። ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ይቀየራል። ቤዙ ይጮኻል፣ የዘፋኙ ድምፅ ይታፈናል፣ ግማሽ ሰዓት ካዳመጥን በኋላ ጆሯችን ይደክማል። ብዙዎቻችን ጥፋቱን ዕቃው ላይ እንጥልና ከዚያ የሚበልጥ ዋት ፍለጋ እንሄዳለን። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ግን ዋቱ ላይ አይደለም። ግማሹ ስፒከሩ ለሁሉም ድምፅ እኩል አለመሆኑ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ክፍላችንና ስፒከሩን ያስቀመጥንበት ቦታ ነው። ይሄኛውን ግማሽ ያለ ገንዘብ ማስተካከል ይቻላል።

«ተፈጥሯዊ ድምፅ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ገለልተኛ የሚባል ሲስተም የተቀዳውን ድምፅ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያወጣል። ድሬዳዋ ውስጥ ሽምግልና ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። አንዱ በሶማልኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በአማርኛ ይናገራል፤ መሀል ላይ አስተርጓሚ አለ። ጎበዝ አስተርጓሚ ቁጣውንም ልመናውንም እንደተባለ ያደርሳል። ደካማው የከረረውን ያለሰልሳል፣ ያልተባለውን ይጨምራል፣ እኛም የሰማነው የተናጋሪውን ይሁን የእሱን ሳናውቅ እንቀራለን። የስፒከርም ሥራ ማድረስ ነው። ሙዚቃውን ማሳመር የዘፋኙ፣ የሙዚቀኞቹና የስቱዲዮ ባለሙያው ሥራ ነበር፤ እነሱ ሠርተው ጨርሰዋል።

አሁን ሁለት ቃላት እንያዝ። ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነዝር የሚለካው በኸርዝ ነው። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ይሰማል፤ ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው ጫፍ እየቀነሰ ይሄዳል። በግምት ከ250 ኸርዝ በታች ያለውን ቤዝ፣ ከ4000 በላይ ያለውን ትሬብል፣ መሀሉን ሚድ እንለዋለን። ሁለተኛው ቃል ዴሲቤል ነው፣ የድምፅ ጉልበት መለኪያ። የ1 ዴሲቤል ልዩነት እምብዛም አይታወቅም። የ10 ዴሲቤል ልዩነት ግን ለጆሯችን ድምፁ እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማል።

ገለልተኛ ስፒከር ማለት እንግዲህ ከታች እስከ ላይ ላለው ኸርዝ ሁሉ በግምት እኩል ዴሲቤል የሚሰጥ ነው። ጥሩ የቤት ስፒከሮች ከ3 ዴሲቤል ብዙም ሳይወጡና ሳይወርዱ ይሄዳሉ። ርካሹ ሆም ቲያትር ላይ ግን 80 ኸርዝ አካባቢ 10 ዴሲቤል ከፍ ብሎ፣ የሰው ድምፅ ባለበት ሚድ ላይ ደግሞ ጉድጓድ ሊኖር ይችላል። ቤዙ ሲመታን ዘፋኙ የሚጠፋብን ለዚህ ነው።

ታዲያ ዋቱ ምን ይሠራል?

ከምናስበው በጣም ያነሰ። አብዛኛው የቤት ስፒከር በ1 ዋት ብቻ፣ በ1 ሜትር ርቀት፣ ከ85 እስከ 90 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅ ይሰጣል። ይህ ጎረቤት የሚሰማው ድምፅ ነው። ዋቱን እጥፍ ብናደርገው የምናገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን ዋቱ 10 እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ በ50 እና በ100 ዋት መሀል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ዋት የሚጠቅመው ከበሮው ድንገት ሲመታ አምፑ (ድምፁን የሚያጎላው ክፍል) እንዳይጨናነቅ ነው። አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፣ ድምፁም ይሻክራል። ሠርግ ላይ ሞንታርቦ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሲሰነጣጠቅ የምንሰማው እሱን ነው።

ካርቶኑ ላይ ያለው 5000 ዋትስ? አጠገቡ ፒኤምፒኦ የሚል ካለ ብዙም ዋጋ አትስጡት። ያ ቁጥር ሁሉም የተስማማበት የመለኪያ ደንብ የለውም፤ አምራቹ የፈለገውን ይጽፋል። አርኤምኤስ የሚለውን ፈልጉ፤ እሱ ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ጉልበት ነው። ያም ከሌለ ዕቃውን ገልብጡና ከሶኬት ስንት ዋት እንደሚወስድ አንብቡ። ከመብራት 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ያለማቋረጥ 1000 ዋት ድምፅ ሊሰጥ አይችልም። ይህንን ቁጥር ሻጩ ፊት ማንበብ ምንም ነውር የለውም።

ሰው ሁሉ ጆሮው ይለያያል አይደል እንዴ?

«እኔ ቤዝ እወዳለሁ፣ አንተ አትወድም፣ አለቀ» የሚል ክርክር ሁሌም አለ። ነገሩ ተመርምሯል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1980ዎቹ ፍሎይድ ቱል የሚባል ተመራማሪ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል ሰዎችን እየሰበሰበ፣ ስፒከሮቹን ከመጋረጃ ጀርባ ደብቆ፣ ድምፃቸውን እኩል አድርጎ ያሰማቸው ነበር። ሰዎቹ ዋጋውንም ስሙንም ሳያዩ በብዛት የመረጡት ፊት ለፊት እኩል ድምፅ የሚሰጡትን፣ ወደ ጎን የሚረጩትም ድምፅ ያልተዛባባቸውን ስፒከሮች ነበር። በ2003 ሾን ኦሊቭ ያወጣው ጥናት ደግሞ የሠለጠኑ አድማጮችና ምንም ያልሠለጠኑ ሰዎች ስፒከሮቹን ሲያወዳድሩ ደረጃ ያወጡላቸው በተመሳሳይ ቅደም ተከተል መሆኑን አሳየ። የቤዝ መጠን ላይ የግል ምርጫ አለ፣ እሱ አይካድም። ግን ጥሩውን ከመጥፎው የመለየት ነገር ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ እንስማማለን፤ ካላየነው።

«ካላየነው» ያልኩት በምክንያት ነው። በ1994 ሁለቱ ተመራማሪዎች ያንኑ ሙከራ አንዴ በመጋረጃ፣ አንዴ በግልጽ አደረጉት። አድማጮቹ ስፒከሮቹን ሲያዩ ነጥባቸው ተቀየረ። ትልቁና ውዱ ከፍ አለ፣ ትንሹና ርካሹ ዝቅ አለ። ሰዎቹ አልዋሹም። ዓይን ያየው ነገር ጆሮ የሚሰማውን ይለውጠዋል።

ሱቅ ውስጥ ያማረ ድምፅ ቤት ሲገባ ለምን ይበላሻል?

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ከስፒከሩ በቀጥታ የሚደርሰን ድምፅ ጥቂት ነው። የቀረው ግድግዳ፣ ወለልና ጣሪያ ነክቶ የሚመጣ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን የምናዳምጠው ክፍላችንን ነው።

መጀመሪያ ቤዝ። ዝቅተኛ ድምፅ ረጅም ሞገድ አለው። ድሬ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ ወደ 352 ሜትር ይጓዛል፣ ስለዚህ የ44 ኸርዝ ቤዝ አንድ ሞገዱ 8 ሜትር ነው። አሁን የተለመደውን 4 በ4 ክፍል አስቡ። የዚያ ሞገድ ግማሽ በግድግዳና በግድግዳ መሀል ልክ ይገጥማል። ሲገጥም ይጠናከራል፣ አንዷ የቤዝ ድምፅ ከሌሎቹ ተለይታ ትጮኻለች፣ ሙዚቃው ካቆመም በኋላ ትንሽ ትቆያለች። ክፍሉ እኩል በእኩል ሲሆን ይባስ ብሎ ርዝመቱም ስፋቱም ያቺኑ አንዷን ድምፅ ያነሷታል። 4 በ5 ክፍል ከ4 በ4 ይሻላል የምለው ለዚህ ነው፤ ቤት እየሠራችሁ ከሆነ ከወዲሁ አስቡበት።

ይቺ ድምፅ በሁሉም ቦታ እኩል አትሰማም። ግድግዳ ጥግ ላይ ትበረታለች፣ ክፍሉ መሀል ላይ ትጠፋለች ማለት ይቻላል። እኛ ደግሞ ፍራሽና ትራሳችንን የምንዘረጋው ግድግዳ ተደግፈን እንድንቀመጥ ነው። ስፒከሩም ያለው የቡፌው ጥግ ላይ ነው። እኛም እሱም ቤዙ የሚበረታበት ቦታ ላይ ቁጭ ብለን «ቤዙ በዛ» እንላለን። ግድግዳ፣ ወለል፣ ጥግ፣ እያንዳንዱ ለቤዝ ቅርብ ሲሆን እስከ 6 ዴሲቤል ሊጨምር ይችላል። መቀመጫችንን ከግድግዳ መንቀል ከባድ ከሆነ ስፒከሩን ከጥግ እናውጣው። 50 ሳንቲ ሜትር እንኳን ለውጥ ያሳያል።

ሰብዉፈር (ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ላላቸው አንድ የቆየ ብልሃት አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። ሰብዉፈሩን የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አድርጉት። ቤዙ ከፍና ዝቅ እያለ የሚሄድ ዘፈን ክፈቱ። ከዚያ በእጅና በጉልበታችሁ እየሄዳችሁ፣ ጆሯችሁን ወለሉ አጠገብ አድርጋችሁ፣ የግድግዳውን ዳር ዙሩ። አንዳንድ ቦታ ቤዙ ያብጣል፣ አንዳንድ ቦታ ይጠፋል፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ሁሉም ኖታ እኩል ይሰማል። ሰብዉፈሩን እዚያ ትከሉት፣ ወደ መቀመጫችሁ ተመለሱ።

ቀጥሎ ማስተጋባት። ሳሎኑ መሀል ቆማችሁ አንዴ በደንብ አጨብጭቡ። «ትርርር» የሚል ጭራ ከተከተለው ክፍላችሁ ድምፅ ይመልሳል ማለት ነው። ሲሚንቶ ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለል፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሦስቱም ድምፅን እንዳለ ይመልሳሉ። ድሬ ውስጥ ከዚራ ሰፈር ያሉት ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ የድሮ የባቡር ሠራተኞች ቤቶችም ባዶ ከሆኑ ያስተጋባሉ።

ይህን መጀመሪያ በቁጥር የለካው ዋላስ ሳቢን የሚባል የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህር ነው። በ1895 ንግግር የማይሰማበትን አንድ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ እንዲያስተካክል ተጠየቀ። ሌሊት ሌሊት ከሌላ አዳራሽ የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ፣ የኦርጋን ቧንቧ እየነፋ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይለካ ነበር። ትራስ ሲጨምር ጊዜው ያጥራል። ከዚያ ባገኘው ስሌት በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ተሠራ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ «ጌ ጋር» የሚባለው የሐረሪ ባህላዊ ቤት የገባ ሰው ይሄን ያለ ስሌት ሰምቶታል። ጊዲር ጋር በሚባለው ዋናው ክፍል ውስጥ ነደባዎቹ (መቀመጫ መደቦቹ) ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል፣ ላያቸው ላይ ምንጣፍ፣ ፍራሽና ትራስ አለ፤ ግድግዳው ላይ ጉድጓድ መደርደሪያዎችና የተንጠለጠሉ ስፌቶች አሉ። ለስላሳው ድምፅ ይመጥጣል፣ ወጣ ገባው ደግሞ ይበትነዋል። እዚያ ቤት ሰው በቀስታ ሲያወራ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። የተሠራው ለስፒከር አይደለም፤ እኔ ግን ለሙዚቃ ማዳመጫ ክፍል ምረጥ ብባል ከአዲሱ ኮንዶሚኒየም ሳሎን በፊት እሱን እመርጣለሁ።

ስለዚህ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ፣ ባዶ ግድግዳ ላይ መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ አቁሙ። ግን ገደቡን እወቁ። ምንጣፍና መጋረጃ የሚመጥጡት ትሬብሉን ነው፣ ቤዝ ስስ ነገርን አልፎ ይሄዳል። ክፍሉን በጨርቅ ብትሞሉት ትሬብሉ ይሞትና ቤዙ ብቻውን ይቀራል። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍም ከላይኛው ድምፅ ትንሽ ከመቀነስ ያለፈ ጥቅም የለውም፣ ከጎረቤት ድምፅም አያድንም።

መሬት ላይ ለምንቀመጥ ሰዎች ስፒከሩ የት ይሁን?

የውጭ መመሪያዎች ሁሉ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው የሚያስቡት። በርጫ ላይ ወይም ከምሳ በኋላ ፍራሽ ላይ ጋደም ስንል ጆሯችን ከወለሉ ከ1 ሜትር በታች ነው። ስፒከሩ ቡፌ አናት ላይ ከሆነ ትሬብሉ በጭንቅላታችን ላይ ያልፋል። ትሬብል አጭር ሞገድ ስለሆነ እንደ ቤዝ ዙሪያውን አይረጭም፤ ትሬብሉን የምታወጣው ትንሿ ቱዊተር ወደዞረችበት ያመዝናል። ቱዊተሯን ወደ ጆሯችሁ ከፍታ አውርዱ፣ ካልተቻለ ስፒከሩን ወደ ፊት ዘንበል አድርጉት። ሁለቱ ስፒከሮች ተራርቀው ይቀመጡ፤ በመሀላቸው 2 ሜትር ካለ እናንተም ከእያንዳንዳቸው 2 ሜትር ያህል ራቁ። ያኔ ዘፋኙ ከሁለቱም ስፒከር ሳይሆን ከመሀላቸው፣ ከባዶው ቦታ ሲዘፍን ትሰማላችሁ።

ካልሰማችሁት ከኋላ ያለውን ሽቦ ተመልከቱ። የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ ከተገለበጠ አንዱ አየር ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም ቦታ የለውም። ይህ ጥፋት በጣም የተለመደ ነው፣ ለማስተካከልም 1 ደቂቃ ይበቃል። ከዚህ ውጭ ሽቦ ላይ ገንዘብ አታጥፉ፤ ለሳሎን ርቀት ተራ የመዳብ የመብራት ሽቦ በቂ ነው።

አንድ የድሬ ጣጣ ደግሞ አለ፣ ፋን። ሲዞር ውሎ ማደሩ ግድ ነው፣ ድምፁ ግን የሙዚቃውን ስስ ስስ ነገር ይሸፍናል፣ እኛም ሳናውቀው ድምፅ እንጨምራለን። ፋኑን ቢያንስ ከጆሯችሁ አርቁት።

ኢኳላይዘሩን እንዴት ላድርገው?

ኢኳላይዘር ቤዝ፣ ሚድና ትሬብልን ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ዜሮ ላይ። ሜጋ ቤዝ፣ ሱፐር ቤዝ፣ 3ዲ የሚሉትን አጥፉ። ለጥቂት ቀናት እንዲያው አዳምጡ፤ ጆሮ ከለመደው ለመላቀቅ ጊዜ ይፈልጋል። ቦታውን ካስተካከላችሁ በኋላ አሁንም አንድ የቤዝ ድምፅ ከጮኸ ያቺን ብቻ ቀንሱ። የጎደለ ከመጨመር የበዛ መቀነስ ይሻላል፤ ጭማሪ አምፑንም ስፒከሩንም ያጨናንቃል።

ልጆች ተኝተው በቀስታ ስትሰሙ ግን ቤዙ የጠፋ ከመሰላችሁ ዕቃው አልተበላሸም። ፍሌቸርና ማንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ለቤዝ ከሌላው ይልቅ ይደነቁራል። በቀስታ ሲሰማ ቤዝ ትንሽ መጨመር ትክክል ነው፣ ድምፁ ሲጨምር መልሱት።

ተፈጥሯዊ መሆኑን በምን ልለይ?

በሰው ድምፅ። ሲንተሳይዘር ምን መምሰል እንዳለበት ማንም አያውቅም፣ የሰው ድምፅ ግን ከእናታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው። የሬዲዮ ዜና ክፈቱ። ወንዱ አንባቢ ደረቱ ካበጠ 100 እና 200 ኸርዝ አካባቢ በዝቷል። «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ከወጉ ከ5000 በላይ በዝቷል። «ጸ»፣ «ጠ»፣ «ጨ» እና «ቀ» ፍንዳታቸው ጠርቶ ካልተሰማ፣ ከ«ሰ» እና ከ«ተ» ጋር ከተቀላቀሉ፣ የላይኛው ሚድ ጎድሏል ማለት ነው። አማርኛ ለዚህ ፈተና የተመቸ ቋንቋ ነው።

ከዚያ ወደ መሣሪያ እለፉ። ሐረር በዝክሪ (በመንፈሳዊ ዜማ) ላይ የሚጋጨው ከበል እንጨት ነው፤ በስፒከሩም እንጨት መስሎ፣ ቶሎ ተመትቶ ቶሎ መጥፋት አለበት። ከበሮው፣ ከረቡ የሚባለው፣ ደግሞ ቆዳ መሆኑ መታወቅ አለበት። የኡድ ክር ሲነካ መጀመሪያ ጣቱ፣ ቀጥሎ ክሩ፣ ቀጥሎ የእንጨቱ ሆድ ይሰማል። ስፒከሩ ሦስቱንም ካላሰማ፣ ወይም የራሱ ስስ ፕላስቲክ ሳጥን አብሮ ከዘፈነ፣ ይታወቃል።

ጆሮ ግን ቶሎ እንደሚለምድ አትርሱ። ከ1915 ጀምሮ የኤዲሰን ድርጅት ዘፋኝ መድረክ ላይ ከሸክላ ማጫወቻ አጠገብ እያቆመ፣ ታዳሚው ልዩነቱን እንዲለይ ይጠይቅ ነበር። ብዙ ሰው አልለየም። ከዘፋኞቹ አንዷ የነበረችው አና ኬዝ ከብዙ ዓመታት በኋላ ስታስረዳ፣ ማሽኑን እንዲመስል ድምፅዋን ታስተካክል እንደነበር ተናግራለች።

ዘፈኑ ራሱ መጥፎ ከሆነስ?

ያኔ መጥፎነቱ ይሰማል። ከካሴት ወደ ኮምፒውተር፣ ከዚያ ወደ ኤምፒ3፣ ከዚያ በቴሌግራም ስንት ጊዜ ተጨምቆ የመጣ ዘፈን ገለልተኛ ስፒከር ላይ ሹክሹክታውም መታፈኑም ይወጣል። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒ3 ብዙ ጊዜ ከ16,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቆርጦ ይጥለዋል፣ ሲምባሉም ይንቀጠቀጣል። በዚህ ብሉቱዝን ብዙ አትውቀሱ፤ የፋይሉ ጉዳት ይበልጣል። የዘፈኑን የተሻለ ቅጂ ፈልጉ።

ሁለት ስፒከር ላወዳድር ብፈልግስ?

ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ሻጭ ሊሸጥ የፈለገውን ትንሽ ከፍ ካደረገው እሱ ይጥማችኋል፤ 1 ወይም 2 ዴሲቤል ሲበልጥ «ከፍ ያለ» ሳይሆን «የጠራ» መስሎ ነው የሚሰማው። ስልክ ላይ ነፃ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ስላለ በእሱ ለኩ። ስስ ነጠላ ሁለቱም ላይ ጣሉ፣ ድምፁን አይከለክልም። ቁልፉን ሌላ ሰው ይቀያይር፣ የትኛው እንደተከፈተ አይንገራችሁ። በደንብ የምታውቁትን አንድ ዘፈንና አንድ የዜና ንባብ አሰሙ፣ እያንዳንዱን ከ20 ሰከንድ ያልበለጠ፣ እየደጋገማችሁ። የመረጣችሁትን ጻፉ፣ ነጠላውን ከዚያ በኋላ አንሡ።